እምዬ ተዝካሯን በልታለች

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። እምዬ ለአጎታችን ደብዳቤ ስታስጽፈኝ ትዝ ይልሻል? «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ካንተ ናፍቆት በስተቀር…» ብዬ ስጀምር ወስፌዋን ከስፌቱ ላይ ነቅላ፣ «እሱን ተይው፤ መናፈቃችንን ያውቀዋል። የጤፉን ጻፊ» ትለኝ ነበር። እኔም የጤፉን ልጻፍ።

የድምፅ መልእክትሽ ደርሶኛል። ኔቱ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ስለሚጠፋ መልሴን በወረቀት አድርጌ ለምትመጣው ልጅ ሰጥቻታለሁ። የእምዬ አርባ ታኅሣሥ 6 ይውላል፣ ደንቢያም አዞዞም ያለው ዘመድ ይጠራ፣ ሰንጋ ይጣል፣ ድንኳን ይተከል፣ አንችም ከዚያ ሆነሽ የድርሻሽን ላኪ ብለሻል። ወንድማችንም ቀድሞሽ ደውሎ «ስሟን የሚያስጠራ ነገር እናድርግ» ብሎኛል።

አትቆጭኝ እንጂ እምዬ ተዝካሯን በልታለች።

2010 ላይ ፍሪጅ ግዙላት ብዬ የላክሁትን ገንዘብ ረስታችሁታል እንዴ? «የማቀዘቅዘው የለኝም» ብላ በሬ ገዛችበት። ከዚያ የንስሐ አባቷን አስጠርታ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው አለች። በኢሞ ያሳየሽኝ አንች ነሽ። ምስሉ በየደቂቃው እየቆመ፣ ከዳሱ ራስጌ ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ ዋንጫዋን ጨብጣ ተቀምጣ አየኋት። ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና፣ «ይኼ ጌሾው በዝቶበታል፤ ለሞተ ሰው ነው የጠመቃችሁት። እኔ ገና ነኝ» አለች። ያችን ጎረቤታችንንስ? ዕንባዋን መጥረግ ስትጀምር፣ «ሞቼ ነው የምታለቅሽው? ብዪ!» ብላ ጮኸችባት። ያን ቀን የተናገረችውን ወንድማችንም ሰምቶታል፦ «ስሞት ፍትሐቱን አድርሱ፣ ለነዳያን ንፍሮ ቀቅሉ። ከዚያ አልፋችሁ ሳንቲም ብታወጡ አጥንቴ ይውጋችሁ።»

እኔ የእምዬን አጥንት እፈራለሁ።

ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ የድግሱ ወጪ ብቻ አይደለም የከነከነኝ። በለቅሶው የተባለውን ሰማሁት። «ትሁት ነበረች፣ ቃል ከአፏ የማይወጣ» አሉ አሉ። ትሁት? እምዬ? ትሁት ብትሆን ኖሮ ዛሬም ደንቢያ ናታ!

በአሥራ አራት ዓመቷ ድረዋት በሦስተኛው ዓመት በቃኝ ያለችውን ታሪክ አንችም ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ በሬውን ነው የምወደው። በሰማንያ የተጋባ ሲፋታ እኩል ይካፈላል። ሽማግሎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ላሟን ለሷ፣ በሬውን ለሱ አሉ። ሴት ልጅ አታርስ፣ በሬ ምን ያደርግላታል? እሷ ታዲያ ነጠላዋን አጥብቃ ብድግ አለችና፣ «ላም ጠባቂ ትፈልጋለች። በሬን ግን ፈላጊ ይመጣለታል» አለቻቸው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው ይኼን ጊዜ! በሬውን ወሰደች። አንድ ክረምት ለጎረቤት ገበሬ በእህል አከራየችው፣ ከዚያ ሸጠችው፣ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ በእግሯ ጎንደር ገባች። በበሬው ዋጋ የተገዙት ሁለቱ ጋኖች ናቸው ያሳደጉን።

ዕድሜዋን ስትጠየቅ ጥርሷን ነበር የምትቆጥረው። ኅዳር 1934 ጣልያን ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ የፊት ጥርሴ ወልቆ ነበር ትላለች፤ ስለዚህ ዘጠና ገደማ ሞልቷታል። መታወቂያዋ ላይ ግን በ1935 ተወለደች ብለው ጽፈውላት «ስምንት ዓመት መለሱልኝ» ብላ እንዳይታረም ከለከለች።

ቁስቋም ኅዳር 6 ሲነግሥስ? ከቅዳሴ በኋላ ወደ ፍርስራሹ ወስዳን ግንቡን በዱላዋ መታ መታ ታደርገዋለች። እኛ በትምህርት ቤት በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሲሞት ምንትዋብ ለሕፃኑ ለኢያሱ ዘውድ ደፍታ ገዛች ብለን እንሸመድዳለን። እምዬ ጋ ሲመጣ ታሪኩ የሠፈር ወሬ ነው። «ባሏ ሲሞትባት ማቅ ለብሳ ከመቀመጥ ግንብ አሠራች። የቋራ ልጅ ናት፣ እኔ የደንቢያ። ጎንደርን ጎንደር ያደረጋት እንግዳ ነው» ትላለች። የጎንደር ተወላጅ ጎረቤቶቿ ፊት ነበር ይኼን የምትለው፣ ሆን ብላ።

እዚህ የምሠራው ዳቦ ቤት ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። ሊጡ በትልልቅ የብረት ገንዳ እየቦካ ያድራል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ክዳኑን ስከፍተው የጥንስሷ ሽታ አፍንጫዬን ይለኛል፣ ልክ ብቅሉ በገባ በማግስቱ እንዳለው። ጋኑን በግራዋ አሽታ አጥባ፣ በወይራው ጭስ ላይ ደፍታ፣ ጢሱ በአፉ በኩል መውጣት ሲጀምር በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገውና ድምፁን ትሰማ ነበር፤ ስንጥቅ ካለው ትለየዋለች። ድፍድፉ ከገባ በኋላ ደግሞ ጆሮዋን ከጋኑ አፍ ላይ አድርጋ፣ «ገና እያወራ ነው፣ አትንኩት» ትለናለች። አንድ ሌሊት ሳላስበው ጆሮዬን ወደ ገንዳው ሳስጠጋ አብራኝ የምትሠራዋ ሴት በሳቅ ፈረሰች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ከጓሮ ያሠራቻቸው ሁለቱ ክፍሎች ሄዱባት። አላለቀሰችም። የሽንት ቤቱን ቁልፍ ግን ለማንም አልሰጠችም። «ቤቱን ወረሱ፣ ይኼን ረሱት» እያለች ተከራዮቹን ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ደጇ ቆመው እንዲያስፈቅዱ አደረገቻቸው። ልክ ነበረች አልልም። ቁልፉ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ መቀነቷ ላይ ነበር።

ግድግዳውን ደግሞ ለወንድማችን አስታውሽው። ፊደል ስለማታውቅ ዱቤውን በከሰል ነበር የምትይዘው፦ ለዘበኛው ቆብ፣ ለደብተራው መቋሚያ፣ ለሹፌሩ ክብ፣ ከሥራቸው በየጣሳው አንድ አንድ ሰረዝ። ለእንቁጣጣሽ ላስደስታት ብሎ ግድግዳውን በኖራ ለቀለቀው። ጠጪው ሁሉ ዕዳው ተሰረዘ ብሎ እልል ሊል ነው። እሷ ከነጩ ግድግዳ ፊት ለፊት በርጩማ አስጠግታ ተቀመጠች፣ ቡናዋን አቦሉንም ቶናውንም ጠጣች፣ ከዚያ ተነስታ ከሰል አነሳችና ሁሉንም እንደነበረ ሣለችው። የተከራከራት ደብተራው ብቻ ነው። «ሦስት ነው» ሲል፣ «አራት። አራተኛዋን ስትጠጣ ዝናብ ይዘንብ ነበር» አለችው። ከፈለ።

አሁን አንች የማታውቂውን ልንገርሽ።

በመተማ በኩል ልወጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ማታ ከጋኖቹ ጀርባ ጠራችኝ። ሂጅም ቅሪም አላለችኝም። ሦስት ሺህ ብር ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ከዚያ ለእኔ አስቆጠረችኝ። «ስጦታ አይደለም። ስጦታ ሰው ያስረሳል። ብድር ነው» አለችኝ። ከሰሏን አንስታ ከታች በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ ሚዶ ሣለች፤ ጸጉሬን ሳበጥር ስለምውል ምልክቴ እሱ ነው አለች። ከሥሩ ሦስት ሰረዝ። መንገዱን አልደግምልሽም፤ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ባሕሩን አንዴ ነግሬሻለሁ፣ ይበቃል።

እዚህ ሥራ እንዳገኘሁ አንድ ሺህ ላክሁ። «አንዱን በምራቄ አጠፋሁት» አለችኝ በስልክ። ሁለተኛውን ላክሁ፣ አጠፋችው። ሦስተኛውን ልልክ ስል፣ «እሱን በእጅሽ ነው የምቀበልሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። እኔም ወረቀቴ አልቆልኝ እስክመጣ ስል ዓመቱ ሄደ። አምና መኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ስሄድ ቅጹ ከማግባትሽ በፊት የነበረሽን ስም ይል ነበር። እዚህ ብዙ ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች አልኋት። ዝም አለች፣ ከዚያ፣ «አባቷ የት ሄዶ?» አለችኝ። ያ የመጨረሻው የረዥም ጊዜ ጨዋታችን ነው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ሲመጣ እሷ ተኝታለች፣ እሷ ስትነቃ መስመሩ የለም።

ስለዚህ በልጅቷ እጅ የላክሁት ለካህናቱና ለንፍሮው ነው። ባቄላውንም ስንዴውንም ቅዳሜ ገበያ ራስሽ ሂጅና ግዢ፣ ዋጋም ተከራከሪ። ለሰንጋ አልላክሁም፣ አልልክምም። ወንድማችን ከተቆጣ ሬሳዋን ቀስቅሶ እሷን ያስፈቅድ በይልኝ።

ለአርባው ቤቱን ቀለም ሊቀባ አስቧል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይቀባ፣ የፈለገውን ቀለም ይምረጥ። ከጋኖቹ ጀርባ፣ ከታች፣ መዳፍ የምታህለዋን ቦታ ግን ይተዋት። ሚዶዋ ከነአንድ ሰረዟ እዚያ መሆን አለባት። ኔቱ ሲመጣ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ መብራት አብሪበት እንጂ አቧራውን እንዳትጠርጊው።

እህትሽ