ለባዮሎጂ ማኅበር የሚከፈለው የተቋም መዋጮ ምን ያስገኛል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲቃረብ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የምርምር ማዕከላትና አንዳንድ ፋብሪካዎች ወጪ ሲቀንሱ ቀድመው ከሚሰርዟቸው ነገሮች አንዱ ለሙያ ማኅበራት የሚከፍሉት ዓመታዊ መዋጮ ነው። «ለመሆኑ ማኅበሩ ምን ሰጠን?» ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ነው፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ያለውን መጽሔት ይጠቁማል፣ ፋይናንስ ደግሞ መጽሔቱን አይቶ «ይህማ ኢንተርኔት ላይ አለ» ይላል። ፋይናንስ እውነቱን ነው። የኢትዮጵያ ባዮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ ባዮሎጂካል ሳይንስ መጽሔት በአፍሪካ ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ይገኛል። ለመጽሔት ብቻ ከሆነ መዋጮው ቢሰረዝ አይገርምም።

የግለሰብና የተቋም አባልነት የተለያዩ ናቸው። አንድ መምህር በግሉ አባል ሲሆን ጉባኤ ይካፈላል፣ ይመርጣል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይተዋወቃል፤ ሥራ ሲቀይር ሁሉንም ይዞት ይሄዳል። ተቋሙ አባል ሲሆን ግን ወንበሩ የተቋሙ ነው። ተወካዩ ቢለቅ ሌላ ይተካል፣ የተገባው ውል ይቀጥላል። በውጭም ሁለቱ ተለይተው የቆዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የባዮሎጂ ሳይንስ ኅብረት በአገራትና በሳይንስ ማኅበራት አባልነት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው የአሜሪካ የባዮሎጂ ሳይንስ ኢንስቲትዩትም በዙሪያው ሌሎች ማኅበራትንና ድርጅቶችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ ለገንዘብ ሰጪዎች የምርምር ሐሳብ ግምገማ ማስተባበርን አንዱ ሥራው አድርጎታል።

እኔም ለአገራችን ተቋማት ትልቁ ጥቅም ነው የምለው ይኸው ግምገማ ነው። ዛሬ የአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የውስጥ ምርምር ገንዘብ የሚከፋፈለው እዚያው ግቢ ውስጥ በሚሠሩ ገምጋሚዎች ነው። አመልካቹና ገምጋሚው አንድ ኮሪደር ላይ ቢሮ አላቸው፤ ዘንድሮ የገመገመው ለከርሞ ይገመገማል። ክፋት ባይኖር እንኳ ይሉኝታ አለ። ሃያ ሠላሳ ተቋማትን ያቀፈ ማኅበር በየዘርፉ የባለሙያ መዝገብ ቢይዝ የጅማው ሐሳብ በጎንደር፣ የሐዋሳው በመቀሌ ሊታይ ይችላል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ለአንድ ሐሳብ 2 ገምጋሚ ይመደባል፤ ነጥባቸው ከ100 ከ20 በላይ ከተራራቀ ሦስተኛ ይጨመራል። አመልካቹን ያማከረ፣ ባለፉት 3 ዓመታት አብሮት ያሳተመ ወይም የአንድ ክፍል ባልደረባ የሆነ ከመጀመሪያው ይወጣል። ጊዜው 3 ሳምንት ነው። አበሉን የሚከፍለው ሐሳቡን የላከው ተቋም ሲሆን፣ ክፍያው የሚፈጸመው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ መስፈርት የጽሑፍ ምክንያት ሲቀርብ ነው። ይህ ሁኔታ ካልተቀመጠ «ጥሩ ነው፣ ይቀጥል» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ይመጣል።

ስም መደበቅም የሚበላሽበት መንገድ አለው። የአመልካቹ ስም ከሽፋኑ ተሰርዞ የዎርድ ፋይሉ የባለቤት መረጃ ላይ ይቀራል፤ ወደ ፒዲኤፍ ቢቀየርም አብሮ ሊሄድ ይችላል። «ከዚህ በፊት ባሳተምነው ጥናት እንዳሳየነው» የሚለው ዐረፍተ ነገርም ያው ስም ነው። ሐሳቡን የሚቀበለው የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይህን ሳያጸዳ ለገምጋሚ መላክ የለበትም።

ሁለተኛው ጥቅም የናሙናን ዝርያ መለየት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ሲጠናቀቅ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል። ያ ሁሉ ሥራ የተመሠረተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፀዋት ናሙና ማኖሪያ) ውስጥ በተቀመጡና በመሰል ደረቅ ናሙናዎች ላይ ነው። በየክልሉ ግን የባህል መድኃኒት ወይም የደን ጥናት የሚሠራ ተማሪ ተክሉን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ አንድ መተግበሪያ የሰጠውን ስም በመመረቂያ ጽሑፉ ይጽፋል። የናሙና ቁጥር ስለሌለው ስሙ ትክክል ይሁን ስህተት ከዚያ በኋላ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ማኅበሩ ሄርባሪየም የለውም። ነገር ግን አባል ተቋማትን ወክሎ ከሄርባሪየሙ ጋር የስምምነት ሰነድ ሊፈራረም ይችላል፤ ለምሳሌ ለእያንዳንዱ አባል በዓመት 50 ናሙና ተለይቶ ይመለሳል፣ አባሉም ከየናሙናው አንድ ቅጂ እዚያ ያስቀምጣል ተብሎ።

ስምምነቱ እንዲሠራ ናሙናው ራሱ የሚለይ መሆን አለበት። አበባ ወይም ፍሬ የሌለው ቅርንጫፍ ብዙ ጊዜ ከዕፀዋት ቤተሰብ ስም አልፎ አይለይም። ከአንድ ተክል 3 ቅጂ ይቆረጣል፤ አንዱ ለሄርባሪየሙ፣ አንዱ ለተቋሙ፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ በመጭመቂያ ይታሰራል (የእናንተም ጋዜጣ ለዚህ ሲውል ይታያል፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ግን ውኃ ስለማይመጥ አይሆንም)። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወረቀቱ በየቀኑ ካልተቀየረ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ ነፍሳት እንዳይበሉት በፕላስቲክ ታሽጎ ለአንድ ሳምንት ያህል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ውስጥ ይቆያል። መለያ ወረቀቱ ላይ ቦታ፣ ከፍታ፣ የጂፒኤስ ንባብ፣ ቀን፣ የሰብሳቢው ስምና ቁጥር፣ የአካባቢ ስም፣ እንዲሁም የአበባው ቀለም ይጻፋል። ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚጠፋ መስክ ላይ ያልተጻፈ ቢሮ ውስጥ አይገኝም።

ለነፍሳት ደግሞ ቅርጽ ለመመልከት ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ይበቃል፤ ዲኤንኤ ከተፈለገ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። የናሙናው የራሱ ውኃ ስለሚያቀጥነው አልኮሉ ከ24 ሰዓት በኋላ ይቀየራል። ፎርማሊን ውስጥ የገባ ናሙና ለዲኤንኤ ሥራ ተበላሸ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ሥልጠና ለአሥር አባል ተቋማት ቴክኒሻኖች በጋራ መስጠት እያንዳንዱ ለብቻው ከሚያዘጋጀው እጅግ ይረክሳል። ሥልጠናው መሰጠት ያለበት ለመምህራን ሳይሆን ለቴክኒሻኖች መሆኑን አጥብቄ እናገራለሁ፤ አብዛኛው ናሙና የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነው።

ስለ ግዢም ጥቂት ልበል። ዲኤንኤ ለማባዛት የሚያገለግለውን ታክ ፖሊሜሬዝን የመሰለ ኢንዛይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይፈልጋል፤ የሚጓዘው በደረቅ በረዶ (በረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ነው። ደረቅ በረዶ በተለመደው የፎም ሣጥን ውስጥ በቀን ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ስለዚህ 10 ኪሎ ይዞ የተነሳ ዕቃ የሚቆየው ከሁለት ቀን ተኩል እስከ አምስት ቀን ነው። ዓርብ ማታ ቦሌ የደረሰ ሣጥን ሰኞ ሲከፈት ባዶ ፎምና የሞቀ ቱቦ ነው የሚገኘው። አቅራቢው የገናን ወይም የጥምቀትን በዓል አያውቅም፤ የሚልከው እሱ በሚመቸው ቀን ነው። አምስት ተቋም አምስት ትንንሽ ትእዛዝ ከሚልክ፣ ዝርዝሩ በማኅበሩ በኩል ተጠቃሎ አንድ ጭነት ቢሆን የበረዶውና የአየር ማጓጓዣው ወጪ ይካፈላል። መድረሻውም ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲሆን፣ የጉምሩክ ሰነዱም ዕቃው ሳይነሳ እንዲያልቅ ማስገደድ ይቻላል። ደርቀው የሚላኩ ፕራይመሮችን (አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን) ከዚህ ጭነት ማውጣት ይገባል፤ በተራ ሙቀት ስለሚጓዙ ለእነሱ የበረዶ ዋጋ መክፈል ኪሳራ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማኅበሩ ነጋዴ መሆን የለበትም። ግዢውን እያንዳንዱ ተቋም በራሱ ስምና በራሱ የግዢ መመሪያ ይፈጽም፤ ማኅበሩ ዝርዝሩን፣ ዋጋውንና ቀኑን ብቻ ያቀናጅ። ገንዘቡ በማኅበሩ ሒሳብ ማለፍ ሲጀምር ታክሱም ኦዲቱም ሌላ መልክ ይይዛል፣ መጠራጠርም ይመጣል።

ሕግን በተመለከተ ባጭሩ ልለፍ። የዘረ መል ሀብት አርክቦትን (ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም ፈቃድን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ናሙና ወደ ውጭ ልኮ ማስተንተን ለሚፈልግ ሁሉ ይነካል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በዘረ መል የተለወጡ ሕያዋንን የሚመለከተው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ተሻሽሏል፤ ሕግ የሚለወጥ ነገር ነው ማለት ነው። ረቂቅ ለአስተያየት ሲወጣ አንድ ዲን የሚጽፈው ደብዳቤና አባል ተቋማት ተወያይተው በማኅበራቸው በኩል የሚያቀርቡት ሰነድ እኩል አይደመጡም። ከዚያ ባለፈ ለአባላት የሚጠቅመው የፈቃድ ማመልከቻ አሞላልን የሚያሳይ ወቅቱን የጠበቀ መመሪያ ነው። ተማሪዎች ናሙናውን ሰብስበው ከጨረሱ በኋላ ፈቃድ መጠየቅ ሲጀምሩ ነው መዘግየቱ የሚመጣው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሊገኝ እየቻለ ተቋማት ለምን ጥቅም አላገኘንም ይላሉ? በእኔ ግምት ምክንያቱ በአብዛኛው እዚያው ቤታቸው ነው። የመዋጮ ጥያቄው ግንቦት ላይ ይደርሳል፣ በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ተኝቶ ዓመቱ ያልፋል። ማኅበሩ የክፍያ መጠየቂያውን ሐምሌ ውስጥ ይላክ፣ ተቋሙም ወጪውን በዓመቱ የበጀት ጥያቄ ውስጥ ራሱን በቻለ መስመር ያስይዝ። አንዳንድ የግዢ ክፍል ለአባልነትም ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል፤ የትኛው ሌላ ማኅበር ተወዳድሮ እንደሚያቀርብላቸው አይገባኝም። ይህን ለመከላከል የተቋሙ የበላይ ኃላፊ የፈረመበት የአባልነት ውሳኔ አብሮ ይያያዝ። ማኅበሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ከሌለው ደግሞ ፋይናንስ ቢከለክል ትክክል ነው።

ውክልናውም እንዲሁ ነው። ጉባኤው ሲደርስ ጊዜ ያለው ሰው ይላካል፤ ያ ሰው ምንም የመወሰን ሥልጣን የለውም፣ «ተመልሼ አማክራለሁ» ብሎ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይመጣል። ተቋሙ በደብዳቤ አንድ ተወካይና አንድ ተለዋጭ ለ2 ወይም ለ3 ዓመት መሰየም አለበት። ደብዳቤው ላይ ተወካዩ በየትኞቹ ጉዳዮች ድምፅ መስጠት እንደሚችል ይጻፍ። ተወካዩ የግድ ፕሮፌሰር መሆን የለበትም፤ ኢሜይል የሚመልስ ሰው ይሁን።

ለማኅበራቱም የምለው አለኝ። መዋጮ ሲጠይቁ ለትንሽ የመምህራን ኮሌጅና በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ላለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ዋጋ ማቅረብ ተገቢ አይደለም። መዋጮው በተቋሙ መጠን ደረጃ ይውጣለት፤ ድምፁ ግን ለሁሉም አንድ ይሁን። አለበለዚያ ማኅበሩ ውሎ አድሮ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ይሆናል። የቢራ ፋብሪካ ማይክሮባዮሎጂስቶች፣ የውኃ ጥራት ላቦራቶሪዎች፣ የአበባ እርሻዎችና የብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤቶችም በአባልነት ይጠሩ። የእነሱ ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲው ስለሚለይ ለእነሱ የሚሆን አገልግሎት ሳይዘጋጅ መዋጮ መጠየቅ ግን ትርፉ አንድ ዓመት ከፍለው መቅረታቸው ነው።

አባል ለመሆን የሚያስብ ተቋምም ከመፈረሙ በፊት ሦስት ሰነድ ይጠይቅ፤ መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት፣ የዓመቱን የሥራ ዕቅድ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ ሰነዶቹ አሉ፤ ማኅበሩ ለማሳየት ካመነታ መፈረሙ ይቆይ። ከገቡ በኋላ ደግሞ ተወካዩ ከጠቅላላ ጉባኤው በተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ስንት የምርምር ሐሳብ ተልኮ ስንቱ ተገመገመ፣ ስንት ናሙና ተለይቶ መጣ፣ በጋራ ግዢው ምን ተገዛ፣ ለየትኛው ረቂቅ አስተያየት ተሰጠ። የቀጣዩን ዓመት ክፍያ የሚፈርመው ኃላፊ ይህን ገጽ ሳያይ አይፈርም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባዮሎጂ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ