የስምንት ልጆች ዕቁብና የአንድ ካርድ ዋጋ፦ ለገንዘብ ሚኒስትር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የገንዘብ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር ግራፊክስ ካርድ ላይ የሚጣለው ቀረጥና ታክስ በግልጽ እንዲወሰንና እንዲቃለል ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

አዳማ ከተማ ፍራንኮ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩና እየጠገንኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ማታ ሥራ ስጨርስ እጫወታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኮምፒውተር ጨዋታ እወዳለሁ፤ አሁንም፣ ቤተሰብ መሥርቼም፣ እወዳለሁ። ደንበኞቼ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የአርክቴክቸርና የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ሌላው እንደ እኔ ተጫዋች ነው። ሁለቱም የሚጠይቁኝ አንድ ዕቃ ነው፤ ግራፊክስ ካርድ። ይህ ካርድ በስክሪን ላይ የምናየውን ምስል በየቅጽበቱ እያሰላ የሚሥል የኮምፒውተር ክፍል ነው። እርሱ ከሌለ የተማሪው የሕንፃ ንድፍ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲንገታገት ያድራል፣ ከበድ ያለው ጨዋታም ጨርሶ አይነሣም።

የምጽፍልዎት በአንድ ዕቁብ ምክንያት ነው።

በግንቦት 2016 ዓ.ም. ስምንት የሰፈራችን ወጣቶች ለግራፊክስ ካርድ ብለው ዕቁብ ጀመሩ። ጸሐፊያቸው እኔ ነበርኩ። በየወሩ አምስት አምስት ሺህ ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣለት 40 ሺህ ብር ይዞ አርቲኤክስ 4060 የተባለውን ካርድ ይገዛል። ያን ጊዜ ካርዱ በ38 ሺህ ብር ይገኝ ነበር፤ የምትተርፈው ሁለት ሺህ ለመሳፈሪያና ለገመድ ትሆናለች ተባለ። የግንቦቱ ልጅ ገዛ። የሰኔው ገዛ። የሐምሌው ዕጣ በወሩ መጀመሪያ ስለወጣ እርሱም ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ነሐሴ ላይ ዕጣ የወጣለት ልጅ አርባ ሺህ ብሩን በፌስታል ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሄደ፤ መርካቶ ገባ፣ ቦሌ ዞረ፤ ሻጮቹ ዋጋ ገና አልቆረጥንም ብለው መለሱት። ጥቅምት ላይ እኔው ደውዬ ስጠይቅ ያው ካርድ 56 ሺህ ብር ሆኖ ነበር። ዕቁቡ ግን ዕቁብ ነውና በመካከሉ መዋጮ አይጨመርበትም።

ደብተሩ አሁንም ከጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከስምንቱ ስሞች ትይዩ «ካርድ» ብዬ የጻፍኩት ለሦስቱ ብቻ ነው። ከአምስቱ ትይዩ «ብር» ይላል።

ከዋጋው ውስጥ የእርስዎ መሥሪያ ቤት እጅ የሌለበትን ድርሻ አስቀድሜ መለየት ይገባኛል፤ ሁሉንም በአንድ ራስ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። የጨዋታ ካርድ ቺፖችን የሚነድፉት በዋናነት ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲና ኢንቴል ናቸው፤ የዛሬዎቹን የሦስቱንም ዋና ዋና ቺፖች የሚያመርተው ግን አንዱ የታይዋን ኩባንያ፣ ቲኤስኤምሲ ነው። በር አንድ ሲሆን ሰልፉ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 አርቲኤክስ 3080 በ699 ዶላር ሲወጣ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም እየታገዙ የሚገዙ አትራፊዎች መደብሮቹን በደቂቃዎች ውስጥ አራቁተው እጥፍ በሚጠጋ ዋጋ መልሰው ሸጡት። ኮሮና የቺፕ አቅርቦትን አናጋ። ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርዱ ስሌት የሚያወጡ ሰዎች ካርዱን በጅምላ እየገዙ ሌት ተቀን ያሠሩት ጀመር፤ ይህ የቆመው እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 ኢቴሪየም አሠራሩን ሲለውጥ ነው። እፎይ ሳንል ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣ፤ እርሱም የሚሠራው በግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ውስጥ በተደረደሩ እንዲህ ባሉ ቺፖች ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በተጠናቀቀው የበጀት ዓመቱ ከመረጃ ማዕከላት 115 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲያስገባ፣ ከጨዋታ ያገኘው 11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኩባንያውን ያሳደገው ተጫዋች ዛሬ ከገበያው ዳር ቆሟል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የማስታወሻ ቺፑ ራሱ ተወደደ፤ የመረጃ ማዕከላቱ እርሱንም ይሻሙታልና።

ይህን እርስዎ ሊያስተካክሉት አይችሉም፤ የአሜሪካም የጃፓንም ተጫዋች ያማርራል። የእኛ ምሬት የሚለየው ከዚህ በኋላ በሚመጣው ነው።

አርቲኤክስ 4060 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሲወጣ አምራቹ የቆረጠለት ዋጋ 299 ዶላር ነበር። ዶላሩን በ150 ብር እናስበው፤ 44 ሺህ 850 ብር ይሆናል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት 51 ሺህ 577 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ዕቃው ሱር ታክስ፣ ማለትም ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ሌላ ታክስ፣ ከሚከፈልባቸው ተርታ ከተመደበ ደግሞ 10 በመቶው የሚሰላው በመነሻው ዋጋ ሳይሆን ተጨማሪ እሴት ታክሱ ከነተደመረበት ነው፤ በታክስ ላይ ታክስ ማለት ነው። 56 ሺህ 735 ብር ደረስን። ማጓጓዣው፣ የጉምሩክ ቀረጡ፣ የአስመጪውና የቸርቻሪው ትርፍ ገና አልተነሣም። በመስከረም 2018 ዓ.ም. በተሻሻለው የደመወዝ ስኬል የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚጀምር የመንግሥት ሠራተኛ 11 ሺህ 500 ብር ያገኛል። አምስት ወር ሙሉ ሳይበላ፣ ቤት ሳይከራይ፣ ለእናቱም ሳይልክ ቢያጠራቅም እንኳ መካከለኛ ከሚባሉት ካርዶች ዝቅተኛውን ለመግዛት ገና ይጎድለዋል።

አዳማ ላይ ተቀምጦ ይህን ማስላት ደግሞ የራሱ ሕመም አለው። ከጅቡቲ የሚነሣው ኮንቴይነር በአዋሽና በመተሐራ አድርጎ በእኛው ከተማ በኩል ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያልፋል። ጠዋት ሱቄን ስከፍት የከባድ መኪኖቹን ጩኸት እሰማለሁ። በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ሞጆ ይወርዳል፣ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከሁለት ሦስት ነጋዴ እጅ አልፎ ወደ እኛ ይመለሳል። ካርዱ ለብቻው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሰው ሻንጣ፣ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው። ችግሩም የሚከፋው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሻንጣው ካርድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ አንድ ካርድ አምጣልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። ደረሰኙን ከሣጥኑ ጋር ይዞ ነበር። ስሙን በማልጠራው መግቢያ ላይ ሣጥኑ ተከፈተ። ሣጥኑ ላይ ጥሩር የለበሰ፣ ሰይፍ የመዘዘ ጦረኛ ተሥሏል፤ አምራቾቹ እንዲህ ያለ ሥዕል ይወዳሉ። አንዱ ሠራተኛ «የልጆች መጫወቻ ነው» አለ፤ ሌላው «አይ፣ ኮምፒውተር ነው» አለ፤ ሦስተኛው ደረሰኙን አይቶ በዚህ ዋጋ አይገኝም ብሎ የራሱን ግምት ጻፈ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሐሳብ፣ አንድ ሣጥን። ዘመዴ ከፍሎ ወጣ፤ ለምን ያን ያህል እንደከፈለ ግን እስከ ዛሬ አያውቅም። ሠራተኞቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን ማንሣቴ። በእጃቸው የሚይዙት ቁርጥ ያለ ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ አይከራከሩም ነበር።

የታሪፍ አመዳደቡ እኮ ዓለም የተስማማበት ነው። ኮምፒውተር በታሪፍ ቁጥር 84.71፣ የኮምፒውተር ክፍሎች በ84.73፣ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ደግሞ በ95.04 ሥር ይመደባሉ። ካርዱ ያለ ኮምፒውተር ብቻውን ምንም አይሠራም፤ መጫወቻ ሊባል አይችልም። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እ.ኤ.አ. በ1996 በደረሱበት የመረጃ ቴክኖሎጂ ስምምነት የፈረሙት አገሮች ኮምፒውተርንና ክፍሎቹን ከቀረጥ ነፃ ለማድረግ ተስማምተዋል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2003 አባልነት ጠይቃ ስትደራደር ቆይታለች። ነገ በድርድር የሚመጣውን ዛሬ በራሳችን ፈቃድ ብንጀምረው ምን ይጎዳናል?

ስለ ዕቁቡ ታናሽ ልጅ ደግሞ ልንገርዎት። ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ዕጣው ሲወጣለት 4060ው ስላልደረሰለት፣ ከአንድ ሱቅ የቀድሞውን ትውልድ አርቲኤክስ 3060 «አዲስ ነው» ተብሎ በ40 ሺህ ብር ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው ስክሪኑ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ ነጠብጣብ እንደ ምስር ተበተነ። ካርዱን ፈታሁት። የመጀመሪያው ብሎን ጥርስ ቀድሞውኑ በካቻቢቴ ተበልቷል። ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ተፈረፈረ። ከማስታወሻ ቺፖቹ ሥር ዘይት ወጥቶ ቦርዱ ላይ ረግቷል፤ ከማራገቢያዎቹ አንዱን በጣቴ ስነካው ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ዲጂታል ገንዘብ ሲያወጣ ለረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት የነደደ ካርድ ነበር፤ ላዩ ተወልውሎ፣ አዲስ ፕላስቲክ ለብሶ የመጣ። በአዳማ ሙቀትና አቧራ ጤነኛው ካርድ እንኳ በየሦስት ወሩ ካልጸዳ ይታፈናል፤ እንዲህ ያለውማ ሚያዝያን አይሻገርም።

ልጁ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና «ይሠራል?» አለኝ። አይሠራም አልኩት። ሱቁ ዋስትና የለውም ብሎ መለሰው።

አዲሱ ዕቃ ከሰው አቅም በላይ ሲሆን ገበያውን የሚይዘው ይህ ነው። መንግሥትም ከዚህ ሽያጭ ሳንቲም አያገኝም፤ ደረሰኝ የለውምና። ታክሱ የበዛበት ሕጋዊው ነጋዴ ካርድ ማስመጣቱን ሲተው ሜዳው ለሻንጣውና ለተወለወለው ካርድ ይቀራል።

ጨዋታ ቅንጦት ነው የሚል መልስ ሊሰጠኝ እንደሚችል አውቃለሁ። አልቀበለውም። አዳማ ውስጥ አንድ ወጣት ከትምህርትና ከሥራ በኋላ የሚውልባቸውን ቦታዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከአብዛኞቹ ይልቅ እቤቱ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ቢጫወት የሚመርጡ ብዙ እናቶች ነግረውኛል። ሱቄ መጥተው ካርድ በመፍታት የጀመሩ ሦስት ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ዳቦ በጥገና ይበላሉ። ይኸው ካርድ ማታ የሚያጫውት፣ ቀን የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ንድፍ የሚሥል፣ ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም የሚያስተምር ነው። መንግሥት አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን ኮዲንግ ለማሠልጠን ተነሥቷል፤ መሣሪያውን ግን ከወጣቱ እጅ ማራቅ የለበትም።

መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ያለ ነገር ማድረግ እንደሚችል ደግሞ በተግባር አሳይቷል። ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አንሥቶ፣ ቀረጡን ሙሉ ለሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ አድርጎ ነበር። እኔም እገጣጥማለሁ። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ካርዱ ተበትኖ ይመጣልኛል፤ ሥራው እዚህ ይሠራል። ለመኪናው የታሰበው ለኮምፒውተሩም ይታሰብ።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ግራፊክስ ካርድ የኮምፒውተር ክፍል መሆኑ፣ ሣጥኑ ላይ ምንም ይሣል ምን፣ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ይታወጅ፤ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ በሙሉ ከነአሰላሉ እዚያው ይጻፍና በየመግቢያው ይለጠፍ። ሱር ታክስ የሚከፈልበት ከሆነም ከኮምፒውተር ክፍሎች ላይ ይነሣ። ለግሉ አንድ ካርድ ይዞ የሚገባ ሰው ደረሰኙ ተዓማኒ እስከሆነ ድረስ በደረሰኙ ይስተናገድ። ያገለገለ ካርድ የሚሸጥ ሰውም ያገለገለ መሆኑን በደረሰኝ ላይ እንዲጽፍ፣ ከሚመለከተው የንግድ መሥሪያ ቤት ጋር ይነጋገሩልን። ተጨማሪ እሴት ታክሱን ለመክፈል እምቢ አላልንም፤ የምንከፍለውን አስቀድመን እንወቀው።

ክቡር ሚኒስትር፣ አምስቱ ልጆች ዕቁቡን እንደገና ሊጀምሩ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ይመጡና በየወሩ ስንት ስንት እንጣል ይሉኛል። ደብተሩን ከፍቼ አዲስ ገጽ አዘጋጅቻለሁ፤ ስማቸውንም ጽፌያለሁ። የመዋጮው ቦታ ባዶ ነው።

ከአክብሮት ጋር
ከአዳማ፣ የኮምፒውተር ገጣጣሚና የዕቁቡ ጸሐፊ