የድንጋይ ካባችን ዘር ለሰኔ ዝናብ ይድረስ፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ በየአገሩ የተበተናችሁ የባሕር ዳር ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ድንጋይ ወጥቶበት የተራቆተውን የድሮውን ካባ በሣርና በዛፍ መልሰን ልናለማው ይዘናል። ባለፈው ነሐሴ ግን ጎርፉ የካባውን የላይኛውን ክትር ደርምሶ፣ ያለበስነውን አፈርና የዘራነውን ዘር ጠርጎ ጣና ከቶታል። ከዚያ ወዲህ መዋጮው ቀዝቅዟል። ስልክ ማንሳት የተዉም አሉ። አንቀየምም፣ ኑሮው ሁሉንም ከብዶታል። ሰኔ ግን አይጠብቀንም።

«ገንዘቡን ጎርፍ በላው» የሚሉ አሉ። አልበላውም። ሄዳችሁ እዩት። ከብት ይወድቅበት የነበረው ገደል ዛሬ ተዳፋት ሆኗል። በገልባጭ መኪና ብዛት እንደ ሲሚንቶ የጠጠረው ወለል በጥልቀት ተሰንጥቋል። ትልቁ ወጪያችን ያን የሰነጠቅንበት የዶዘር ኪራይ ነው። ሥር በማይገባበት መሬት ላይ የፈለገ ዘር ቢበተን ምን ይረባል? የታችኞቹ እርከኖች እስካሁን ቆመዋል፤ ሰርዶውና ክትክታው ያንን ጎርፍ ችለው ከርመዋል። ሒሳቡ ከነደረሰኙ እድር ቤት አለ።

«ባሕር ዛፍ ተክላችሁ አትገላገሉም?» ይህን ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም እንሰማዋለን። ባሕር ዛፍን አንጠላም፤ ቤታችንን ያቆመው እሱ ነው። ካባው የቸገረው ግን አፈር እንጂ አጣና አይደለም። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣር እምብዛም አይበቅልም፤ ሣር የሌለውን ተዳፋት ደግሞ ዶፍ ይወስደዋል። የአዊ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከከሰሉ ተጠቅመዋል፣ እሰየው። እሱ ግን ደጋ ይወዳል፤ ተቆርጦ ሲሸጥም መሬቱ መልሶ ይራቆታል።

እኛ የምንጀምረው ከሣር ነው። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ አፈሩን ይይዛል። የእርከኑን ጫፍ ቬቲቨር የሚባለው ሣር ይጠብቀዋል፣ ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ይገባል። አብረው የሚዘሩት አፈር የሚያዳብረውን ናይትሮጅን ለአፈሩ የሚሰጡት ናቸው፤ ውሃ ለሚተኛበት ወለል ሰስባንያ የሚባለው ተክል፣ ለደረቁ ጎን የርግብ አተር። ድንጋያማው ላይ ክትክታ ይገባል፣ እሱን ፍየልም እምብዛም አይነካው። ከዚያ ግራር። ወይራና ዋንዛ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሁሉም ሰው ዋንዛ ይወዳል፤ እናውቃለን። ዋንዛ ግን ጥልቅ አፈር ይፈልጋል፤ ዛሬ ካባው ላይ መትከል ችግኙን መግደል ነው።

የአገር በቀሉን ዘር ከደብራችን ቅጥር እንለቅማለን፤ አባቶች ፈቅደውልናል። የዘጌ ደን እዚህ የደረሰው ገዳማቱ ስለጠበቁት አይደል? የመስጊዱ ጀመዓ ለችግኝ ማፍያ ቦታና ውሃ ሰጥቶናል፣ አላህ ይስጣቸው። የግራር ዘር ልጣጩ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውሃ ተደርጎበት ያድራል፤ ይህን እናቶቻችን በነፃ ይሠሩታል።

የሰርዶና የቬቲቨር ቁራጭ፣ የሰስባንያ ዘርና ለክትሩ ድንጋይ የሚሞላበት የጋቢዮን ሽቦ ግን በነፃ አይገኙም። የጥበቃ ደመወዝም አለ። በጥበቃው ብዙ ታምተናል። ሆኖም ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ከከብት ካልተጠበቀ የወጣው ሁሉ የፍየል ቀለብ ይሆናል።

ጣና እጅግ ጥልቅ ነው በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከካባው የሚታጠበው ደለል እዚያው ነው የሚቀመጠው። አፈር ይዞት የሚሄደው ማዳበሪያ ደግሞ እምቦጭን ያደልባል። ሐይቁ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ነበር። የዚያ አደራ የመንግሥት ብቻ ነው እንዴ? ፍጥረትን ጠብቁ የተባልነውስ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም አይደለም?

ከአንድ ቤተሰብ 500 ብር እንጠይቃለን። ያልሞላለት 50ም ይስጥ፤ ያ ካልሆነም ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዞ ይምጣ። ገንዘቡ ከግንቦት ልደታ በፊት ቢደርሰን ዘሩን ሳይወደድ እንገዛለን።

የምታስገቡት በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ አካውንት ብቻ ነው። በግለሰብ ስም የተከፈተ አካውንት የለንም። ቁጥሩ እድር ቤቱ በር ላይ ማኅተም ተደርጎበት ተለጥፏል። ብር የሚወጣው በሦስት ሰው ፊርማ ነው። በቴሌብር የምትልኩም ወደዚያው አካውንት አዛውሩ። ውጭ ያላችሁ በዘመድ በኩል ላኩ፤ ዘመዳችሁ ግን ቁጥሩን ከበሩ ላይ ይገልብጥ፣ በስልክ የተነገረውን አይመን። አሁንም እንደግመዋለን፦ በኮሚቴው ስም፣ በሩ ላይ ባለው ቁጥር። ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም በእጅ እንዳትሰጡ። ለእኛም ቢሆን።

የካባው መልሶ ማልሚያ ኮሚቴ