ፉጨቱን የሚይዙ ጆሮዎች፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ በዕረፍት ሰዓት የምናሰማው ሙዚቃ ቀንሷል፤ ቅሬታው ደርሶናል። ክበቡ ግን አልተኛም። ጆሮ ሲያሠለጥን ነው የከረመው።

በሰልፍ ሰዓት ማይኩ ሲያፏጭ ጆሮውን ያልያዘ ሰው በግቢው የለም። “ማይኩ ተበላሸ” ይባላል። አልተበላሸም። ስፒከሩ ያወጣውን ድምፅ ማይኩ መልሶ ይቀበለዋል፤ እንደዚያ ሲዞር አንዱ ፍሪኩዌንሲ (በሄርዝ የሚለካው የድምፅ ቅጥነት ወይም ውፍረት) ብቻውን ይጮኻል። የትኛው እንደሆነ በጆሮው የሚለይ ሰው ያንን ብቻ ይቀንሳል። የማይለይ ግን ሁሉንም ዝቅ ያደርግና ርዕሰ መምህሩ አይሰሙም።

ሥልጠናው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። ኦዳሲቲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፒንክ ኖይዝ እንፈጥራለን፤ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርድ የክረምት ዝናብ ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ብቻ በ12 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ከፍ አድርገን “ስንት ሄርዝ ነው?” እንላለን። ከ63 ተነስተን 125፣ 250፣ 500 እያልን በእጥፍ እስከ 8000። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በግምት ነበር። ያዳነን የገዛ ፊደላችን ነው። 250 አካባቢ ሲነሳ ድምፁ ወደ “ኡ” ያደላል፤ 500 ወደ “ኦ”፣ 1000 ወደ “ኣ”፣ 2000 ወደ “ኤ”፣ 4000 ወደ “ኢ”። ልጆቹ ይህን ሲለምዱ 12ቱን ዴሲቤል ወደ 6፣ ቀጥሎም ወደ 3 አወረድንባቸው። ያኔ ማጉረምረም ተጀመረ። ቮልዩም መጨመር ግን ክልክል ነው። ድምፅ ሲጮኽ ወፍራሙና ቀጭኑ ይበልጥ ስለሚጎላ ጆሮ ይታለላል። ደግሞም ጆሯቸው ገና ብዙ ዓመት ይፈልጉታል።

ስብሰባዎች እንደተለመደው ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ።

ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ የሄድንበት ቅዳሜ ነው። “ሚኒ ሚዲያን ምናለሽ ተራ ምን አገናኘው?” ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። ያ ሰፈር አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ የሚሆንበት ነው፤ ከዚያ የተሻለ የድምፅ መማሪያ የት ይገኛል? ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይገምታሉ፣ በስልክ አፕ እናረጋግጣለን። እንዲህ ስንል በርሜል የሚቀጠቅጡ አንድ አባት “ምን እየሠራችሁ ነው ልጆች?” አሉን። የመለሰችላቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ “አቤት” ማለቷ የማይሰማ ልጅ። “ድምፅ እየለየን ነው አባባ” አለች።

ሳቁ። “እስኪ ዙሪ” አሏትና ከጀርባዋ ሁለት ክዳን መታ መታ አደረጉ። “የቱ ነው የተሰነጠቀው?”

“ሁለተኛው።”

“በምን አወቅሽ?”

“ቀጭኑ ድምፅ የለውም። ቶሎ ይሞታል።”

“እኔም በሱ ነው የማውቀው” አሉ። እሷ ደግሞ ስልኳን አውጥታ 2000 ሄርዝ አሰማቻቸው፤ ቀጥላ 2100። “ለውጥ አለው አባባ?” ሁለተኛው ቀጠን እንደሚል ሳያመነቱ ነገሯት። ከዚያ መዶሻቸውን አስቀመጡና “ድገሚው እስኪ” አሉ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የዚህች ልጅ መልስ ከኋላ ወንበርም ይሰማል።

በወላጆች በዓል ማይኩ ሲያፏጭ “ሁለት ሺህ አምስት መቶ!” ያለችውም እሷ ናት። ፍሪኩዌንሲዎችን ለየብቻ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ፣ በኢኳላይዘሩ ላይ፣ የ2500ን ቁልፍ ብቻ ዝቅ አደረገች። ፉጨቱ ጠፋ፣ ንግግሩ ቀጠለ። ማንም ልብ አላለም፤ እኛ ግን ብለናል።

እክል አልጠፋም። መብራት በሄደ ቁጥር ሥልጠናው ይቋረጣል። ዜና አንባቢ ለመሆን የመጡ አንዳንድ አባላትም ጥለውን ወጥተዋል።

ያ ኢኳላይዘር ለበዓሉ ብቻ የተከራየነው ነው። የራሳችን ሚክሰር (ድምፅ ማቀላቀያ) ያለው የቤዝና የትሬብል፣ ማለትም የወፍራምና የቀጭን ድምፅ፣ ቁልፍ ብቻ ስለሆነ 2500ን ነጥሎ መቀነስ አይችልም። የእግር ኳስ ክበቡ ሁለት ዓይነት ማሊያ አለው፤ ይገባዋል። እኛ ግን አንድ ጆሮው በማይሠራ ማዳመጫ ወረፋ እየጠበቅን ነው። ለመጪው ዓመት የጠየቅነው ባለ 31 ቁልፍ ኢኳላይዘርና የጆሮ ማዳመጫዎች ነው፤ ያገለገለም ቢሆን አንጠላም። ቤቱ የተቀመጠ ማዳመጫ ያለው ወላጅ ረቡዕ ከሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይዞልን ይምጣ። ሲመጣ ልጆቹ ይፈትኑታል፤ ከወዲሁ ይዘጋጅ።