ዕቃው ከመገዛቱ በፊት ባለሙያው ይጠራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ማዕከሉን በዘመናዊ ቴክኖሎጂ እንዳደራጀ ሲነገር፣ የሚዘረዘረው አብዛኛውን ጊዜ የተገዛው ዕቃ ነው፤ ይህን ያህል ፕሮጀክተር፣ ይህን ያህል ስክሪን፣ ይህን ያህል ድምፅ ማጉያ። ዕቃውን ማን እንደመረጠው፣ ማን እንደሚተክለው፣ ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ማን አውርዶ የት እንደሚያስቀምጠው ግን አይነሳም። የቴክኖሎጂና የኤግዚቢሽን ግብዓት ኃላፊ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቀረው ሥራ መሰካካት ብቻ ነው። ይህ ሰው መጠራት ያለበት የኤግዚቢሽኑ ሐሳብ ገና ወረቀት ላይ ሳለ፣ አንድም ዕቃ ሳይገዛ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

ከፕሮጀክተር እንጀምር። እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ ምጣኔ አለው፤ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት ለምስሉ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ማለት ነው። ምጣኔው 1.5 የሆነ ፕሮጀክተር 4 ሜትር ስፋት ያለው ምስል እንዲሰጥ ከግድግዳው 6 ሜትር መራቅ አለበት። ክፍሉ 5 ሜትር ብቻ ከሆነ ምስሉ ወደ 3.3 ሜትር ይጠባል። በቁመቱ ልክ እንዲታይ የታሰበ የ1.75 ሜትር ሰው 1.46 ሜትር ሆኖ ይቀራል፤ ያ ደግሞ ሠዓሊው ያሰበው ሥራ አይደለም። ምጣኔው 0.8 የሆነ ሌንስ ለዚያው ምስል 3.2 ሜትር ይበቃው ነበር። ነገር ግን የብዙ ፕሮጀክተሮች ሌንስ ስለማይቀየር ምርጫው የሚደረገው ግዥ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መፍትሔ የለውም።

ፕሮጀክተሩ ተጋድሞ ወይም አዘቅዝቆ ሲተከል የምስሉ አንድ ጫፍ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ኪስቶን የሚባለው ማስተካከያ ያቃናዋል፤ የሚያቃናው ግን የምስሉን ነጥቦች እየጣለ ነው። ቀጭን መስመርና የፊደል ጠርዝ ሲሸራረፍ ቀርቦ ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ሌንሱን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ፕሮጀክተር ከሆነ ግን ሳይጋድም ቀጥ ብሎ ይተከላል፣ ምስሉም አይጎዳም።

ስለ ብርሃኑ ደግሞ የሚሠራው ስህተት ከዚህም ይብሳል። 4 ሜትር በ2.25 ሜትር የሆነ ምስል 9 ካሬ ሜትር ነው። ሉመን ከፕሮጀክተሩ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን፣ ሉክስ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ነው፤ 5,000 ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር እዚያ ላይ 555 ሉክስ ገደማ ያሳርፋል። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይረጭም፤ በምስሉ ውስጥ ጥቁር የምንለው ብርሃን ያላረፈበት ግድግዳ ነው። ከመስኮት የሚገባው ብርሃን በዚያ ግድግዳ ላይ 100 ሉክስ ከሆነ፣ ነጩ (555 ሲደመር 100) ከጥቁሩ (100) የሚበልጠው 6.5 እጥፍ ብቻ ነው። ሥዕሉ ይገረጣል፣ ጥቁሩም ግራጫ ይሆናል። ማዕከሉ ገንዘብ ጨምሮ 10,000 ሉመን ቢገዛ 12 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። በወፍራም መጋረጃ የመስኮቱን ብርሃን ወደ 10 ሉክስ ያወረደ ግን በዚያው በ5,000 ሉመን ፕሮጀክተር 56 እጥፍ ያገኛል። መጋረጃ በግዥ ዝርዝር ላይ ስሙ እንደ ቴክኖሎጂ ስለማይታይ ይረሳል፤ ኃላፊው ቀድሞ ቢጠየቅ መጀመሪያ የሚያጽፈው እሱን ነው።

የዕድሜም ነገር አለ። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት የሚሠራ አዳራሽ ፕሮጀክተሩን በዓመት 2,400 ሰዓት ያበራዋል። አምፖል ያለው ፕሮጀክተር አምፖሉ ከ2,000 እስከ 4,000 ሰዓት ስለሚቆይ በየዓመቱ ወይም በየዓመት ከመንፈቁ ይቀየራል። የሌዘሩ ብርሃን ወደ ግማሽ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በ20,000 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ከ8 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ሁለቱን በመግዣ ዋጋቸው ብቻ ማወዳደር ስለዚህ ያሳስታል፤ የአምፖሉ ሒሳብ መግባት አለበት። የአየር ማጣሪያ ያለው ከሆነ ማጣሪያው በአቧራ ሲዘጋ መሣሪያው ይግልና ተመልካች ባለበት ሰዓት ራሱን ያጠፋል። «ተበላሸ» ተብሎ የሚወርድ ፕሮጀክተር ሁሉ ብልሽት ያለበት አይደለም፤ የማጣሪያ ጽዳት ብቻ የጎደለውም አለ።

ማጫወቻውን በተመለከተ ላፕቶፕ ከኤግዚቢሽን አዳራሽ ቢወጣ መልካም ነው። ስክሪኑ ይተኛል፣ ፕሮግራሙ ራሱን ለማደስ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያ ማሳሰቢያም 4 ሜትር ግድግዳ ላይ ከሥራው በላይ ጎልቶ ይቀመጣል። ፋይሉን ከሚሞሪ ካርድ አንሥቶ ያለማቋረጥ የሚደግም ትንሽ ማጫወቻ ይሻላል። አበራሩም ቅደም ተከተል አለው። ማጫወቻው ሲነሣ ፕሮጀክተሩን «ምን ያህል ጥራት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ፕሮጀክተሩ ገና ካልበራ መልስ ስለማያገኝ ዝቅ ያለ ጥራት ይመርጣል፣ አለዚያም ጥቁር ስክሪን ያሳያል። ስለዚህ መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ማጫወቻው። የማጫወቻውን ጥራት በአንድ ቁጥር ላይ ቆልፎ መተው ደግሞ ችግሩን ከሥሩ ያነሣዋል። ከ10 ወይም ከ15 ሜትር በላይ ለሚጓዝ ምስል ተራ የመዳብ ኤችዲኤምአይ ኬብል አያስተማምንም፤ እየበራ እየጠፋ ያሰቃያል። ለዚያ ርቀት በካት 6 (የኔትወርክ) ኬብል ጫፍና ጫፍ ላይ ማስተላለፊያና መቀበያ መግጠም፣ ወይም ፋይበር መዘርጋት ነው።

ኤሌክትሪኩ ቀልድ አያውቅም። በ220 ቮልት 16 አምፔር ብሬከር ጣሪያው 3,520 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ለሚሠራ ዕቃ ከዚያ ላይ 80 በመቶውን፣ 2,800 ዋት ገደማ ብቻ መጫን ይገባል። ድምፅ ማጉያው እምም የሚል ጉርምርምታ ሲያሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ድምፁና ምስሉ ከተለያየ ቦታ ኃይል ስለወሰዱ በግራውንድ ሽቦው በኩል ዞሮ የሚመጣ የ50 ኸርዝ ድምፅ ነው። አንዳንዱ ይህን ዝም ለማሰኘት የሶኬቱን ግራውንድ ይቆርጣል። ጉርምርምታው ይጠፋል፤ ዕቃው ውስጥ ሽቦ የተላጠ ዕለት ግን የብረት አካሉን የነካ ተማሪ ሊሞት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ ማብላት፣ ካልሆነም በድምፅ መስመሩ ላይ ማግለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ግራውንድ አይቆረጥም።

ቴክኖሎጂ ሲባል ስክሪን ብቻ የሚታየን ከሆነ ወረቀትና ጨርቅ ይጎዳሉ። በወረቀት ላይ ለተሠራ ሥዕል፣ ለውሃ ቀለምና ለጨርቃ ጨርቅ የተለመደው ገደብ 50 ሉክስ ነው፤ ለዘይት ቀለም ከ150 እስከ 200። ብርሃን የሚያደርሰው ጉዳት የሚደመር ነው፣ አይመለስምም። 50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ለ300 ቀን ሲበራ 120,000 ሉክስ ሰዓት ይሆናል። በ200 ሉክስ ያው መጠን በ75 ቀን ያልቃል። የአንድ ዓመት ዕድሜ በሁለት ወር ተኩል ተበላ ማለት ነው። ሉክስ መለኪያ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ዕቃ ናት፤ እሷ የሌለችው ማዕከል ከሌሎች የሚዋሰውን ሥራ እንዴት እንደሚያስረክብ ማሰብ ይቸግራል።

ስቀላውም ቢሆን በግምት አይሆንም። የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያርፍ ከተወሰነ፣ ቁመቱ 80 የሆነ ፍሬም ግማሹ 40 ነው። ከጀርባ ያለው ሽቦ ተወጥሮ ሲለካ ከፍሬሙ አናት 12 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ፣ 150 ሲደመር 40 ሲቀነስ 12፣ ማንጠልጠያው 178 ላይ ይገባል። ሽቦው ሳይወጠር ከተለካ ሥዕሉ ሲሰቀል ዝቅ ይላል፤ በረድፍ ካሉት መካከል አንዱ ብቻ የወረደው በዚህ ነው። ሁለት ማንጠልጠያ መጠቀም ሥዕሉ እንዳይዘም ይረዳል፤ ውሃ ልክ ሳይያዝ ግን መሰላል ላይ አይወጣም። ጂፕሰም ግድግዳ በፊሸር ብቻ ከባድ ሥራ አይሸከምም፤ ግድግዳው ሲሠራ ከጂፕሰሙ ኋላ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቢገባ የፈለጉበት ቦታ መስቀል ይቻላል። ይህም ግንባታው ላይ ካልተባለ በኋላ የማይገኝ ነገር ነው። ከሰው ራስ በላይ የሚሰቀል መብራትና ፕሮጀክተር ደግሞ ከዋናው ማሠሪያ ሌላ የብረት ገመድ ሊኖረው ይገባል።

የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ከሌላው የሚለየው ዕቃው በተማሪ እጅ ስለሚዞር ነው። የሚጠፋው ትልቁ ፕሮጀክተር አይደለም፤ ሪሞቱና ቻርጀሩ ነው። መልካቸው የሚመሳሰል ሁለት ቻርጀሮች አንዱ 5 ቮልት፣ ሌላው 12 ቮልት ይሆንና 12ቱ በ5ቱ ዕቃ ላይ ሲሰካ ዕቃው ይቃጠላል። ለዕቃውም ለቻርጀሩም አንድ ቁጥር መለጠፍ፣ ሲወጣ አስፈርሞ ሲመለስ አብርቶ መቀበል ነው። ሳይበራ የተመለሰ ዕቃ ተመለሰ አይባልም።

በቪዲዮና በኮምፒውተር ለተሠሩ ሥራዎች ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዋናው ፋይል በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ከሠዓሊው ጋርም መሣሪያው ሲያረጅ ምን መተካት እንደሚቻል በጽሑፍ መስማማት ይገባል። የቪዲዮ ጥበብ ሠዓሊው ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1988 ለደቡብ ኮሪያ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ1,003 ቴሌቪዥኖች የሠራው ግንብ በ2018 ለደኅንነት ሲባል ጠፍቶ፣ ብዙ ክርክርና ጥገና ተደርጎ፣ ከፊሎቹ በጠፍጣፋ ስክሪን ተተክተው በ2022 ዳግም በርቷል። ሠዓሊው ቀድሞ ስላረፈ ይህ ጥያቄ በቀጥታ ሊቀርብለት አልቻለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ኃላፊው የክፍሉን ርቀት፣ የብርሃኑን ሉክስና የብሬከሩን አቅም ለክቶ በአንድ ገጽ ሳያቀርብ የኤግዚቢሽን ዕቃ ግዥ አይፈረም። ከግዥው ገንዘብ ቢያንስ 10 በመቶው ለመለዋወጫና ለጥገና ይያዝ። ቀለም ከደረቀ፣ ሁሉም ከተሰካ በኋላ አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት 48 ሰዓት ሳይጠፋ ይሠራ፤ የሚግል ዕቃና የሚላቀቅ ኬብል የሚታወቀው በዚያ ጊዜ ነው። ለጥበቃውም የአበራርና የአጠፋፍ ቅደም ተከተል፣ ችግር ሲኖር የሚደወልበት ቁጥር ጭምር፣ በአንድ ወረቀት በትልቁ ተጽፎ ከማብሪያው አጠገብ ይለጠፍለት። ጠዋት በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያበራው እሱ ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የኤግዚቢሽን ተከላ ባለሙያዎች