ቦዲው ሳይወርድ ሻንሲው አይታይም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን አምድ አንድ የቅጥቅጥ ባለንብረት ምሬታቸውን ጽፈው አንብቤያለሁ። መኪናቸው ከኋላ በኩል «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ አመጣች። ጋራዥ ሲያስገቧት «ቦዲው ወርዶ ሻንሲው መታየት አለበት» ተባሉ። ከሥር ገብቶ መበየድ እየተቻለ ወንበር መንቀል፣ ወለል ማፍረስ፣ መኪናዋን ከሥራ ማስቆም ለምን? ገንዘብ መብያ ዘዴ ነው ብለው ደመደሙ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቃሊቲ አካባቢ በቦዲ ሥራ ነው። ዛሬ ጋራዥም የለኝም፣ የምጠብቀው ደንበኛም የለም። ስለዚህ ሳልፈራ ለባለንብረቱ ልናገር፤ ጋራዡ አልዋሸዎትም። መፍራት የነበረብዎት «ሳናወርድ ነገ እናስረክብዎታለን» ቢልዎት ነበር።

ቅጥቅጥ የሚሠራበት አይሱዙ ከፋብሪካው ሲወጣ የጭነት መኪና ነው። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፊት እስከ ኋላ ይዘረጋሉ፣ በመሃላቸው አግዳሚዎች ይገባሉ፤ ሻንሲ ማለት ይኸው ነው። ሞተሩም፣ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ባሌስትራውም (ክብደቱን የሚሸከመው የስፕሪንግ ብረት) የታሰሩት እሱ ላይ ነው። እኛ ከላይ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) አጽም እናቆማለን፣ ላሜራ እናለብሳለን፣ ወንበር እንደረድራለን። ቦዲውን ከሻንሲው ጋር የሚያይዘው ቡሎን ነው። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመሃል እንጨት ወይም ጎማ ይገባል።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ እንጨት ሥር ነው። የክረምት ጭቃና ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። እንጨቱ እርጥበቱን ይዞ ይከርማል፣ የሻንሲው የላይኛው ገጽ ቀስ እያለ ይበላል። ከዝገቱ በላይ የሚከፋው ደግሞ ስንጥቁ ነው። የሰው መቀመጫ እንዲበዛ ሲባል ቦዲው ከኋላ ጎማ አልፎ ወደ ኋላ ይረዝማል። መጨረሻው ወንበር ላይ ሰው ይታጨቃል፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ሽንኩርትና ጤፍ ይጫናል። ያ ሁሉ ክብደት ጅራቱን ወደ ታች ሲጫነው፣ ከኋላ ጎማው በላይ ያለው የሻንሲው የላይኛው ጠርዝ ይወጠራል። ስንጥቁ ከዚያ ይጀምርና ወደ ታች ይወርዳል። ከሥር ተኝቶ በእጅ ባትሪ የሚያይ ሰው ስንጥቁን የሚያገኘው ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። የሚበይደውም የታየውን ጫፍ ብቻ ነው። ላዩ እንደተሰነጠቀ ይቀራል።

አወራረዱስ? ሥራ እንጂ አስማት የለበትም። ግን ጥድፊያ አይወድም። መጀመሪያ የባትሪው ገመድ ይፈታል። ወንበሩ ይወጣል፣ ኮምፔርሳቶው ይነሳል፣ ያኔ ቡሎኖቹ ብቅ ይላሉ። ግማሾቹ ዝገው ስለሚጣበቁ መቁረጥ ግድ ነው። ከዚያ ቦዲውንና ሻንሲውን የሚያገናኘው ሁሉ አንድ በአንድ ይለያል፤ መሪው፣ የማርሽ ዘንጉ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ቱቦው፣ የእጅ ፍሬን ገመዱ፣ የነዳጅ መስጫው፣ ሽቦው። እያንዳንዱ ሽቦ ምልክት ይለጠፍበታል። «በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ» የሚል ልጅ ካጋጠመዎት አይመኑት፣ ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻ ይበራልዎታል።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነገር አለ። ቦዲው ከመነሳቱ በፊት የበሮቹ ክፍተት በሰያፍ ቱቦላሬ መወጠር አለበት። የፊት መስታወቱም ቢወጣ ይሻላል። ቦዲ ከሻንሲ ሲለይ ወገብ የለውም። ሳይወጠር ከተነሳ ይጣመማል፣ ሲመለስ በሩ አልዘጋ ይላል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ከዚያ ባለሙያው በሩን በመዶሻ ሊያስተካክል ይታገላል። የተጣመመው ግን በሩ አይደለም።

ማንሳቱ በአራቱም ማዕዘን እኩል ነው፤ ትንሽ ከፊት፣ ትንሽ ከኋላ፣ በየመሃሉ ቆም ብሎ የተረሳ ሽቦ እንዳይኖር እያዩ። ክሪክ ለማንሳት ነው፣ ለማቆም አይደለም። ቦዲው ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ ሻንሲው በገዛ ጎማው ተገፍቶ ከሥር ይወጣል።

እንግዲህ ባለንብረት ሆይ፣ በዚያ ቀን ጋራዡ ውስጥ ይገኙ። ሻንሲው ሲፋቅና ሲታጠብ በዓይንዎ ይዩ፣ ፎቶ ያንሱ። በገመድ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ይለካ፣ ሁለቱ ልኬት እኩል ካልመጣ ሻንሲው ተጣሟል። ብየዳው ላይም ይጠይቁ። ነዳጅ መያዣው ሳይወርድ ብየዳ የለም። የስንጥቁ መጨረሻ በቀጭኑ ይበሳል፣ አለዚያ ከብየዳው አልፎ ይቀጥላል። ስንጥቁ እስከ ውስጥ ተከፍቶ ይበየዳል እንጂ ከላይ አይለሰንም። ደጋፊ ብረት ከተጨመረ ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥ፣ ከሻንሲው ጎን ላይ በቡሎን ይያዝ። በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ ላይ መብሳትም ሆነ አግድም መበየድ ሻንሲውን ለሌላ ስንጥቅ ማዘጋጀት ነው። ደግሞ 7018 የሚባለውን የብየዳ ዘንግ ገዝቶ እርጥብ ወለል ላይ የሚያሳድር በያጅ አይቻለሁ። ይህ ዘንግ ደረቅ ካልሆነ ጥቅሙ የለም፤ ብየዳው ውስጥ ለውስጥ ይሰነጠቃል።

ሻንሲ ቁጥሩንም አደራ። ሲፋቅ አንድ ለማጅ በግራይንደር ካጠፋው ሊብሬው ላይ ካለው ጋር የሚያመሳክሩት ነገር አይኖርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ምልልስ ለጠላቴ አልመኝም። ፍቂያው ሳይጀመር በግራሶ ተቀብቶ ይሸፈን።

ሚኒባስ ላላቸውም አንድ ነገር ልበል። የእናንተ ሃይኤስ እንደ አይሱዙ አይደለም። ከሥር ሻንሲ የሚመስለው ብረት ከወለሉ ጋር በፋብሪካ የተበየደ ነው፣ የሚፈታ ቡሎን የለውም። ሃይኤስ ላይ «ቦዲውን አውርደን እንሠራለን» የሚል ካለ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ሊቆርጠው ነው። የእሱ ጥገና የበሰበሰውን ቦታ አንድ ጎን ብቻ እየከፈቱ፣ በሮቹን ወጥሮ፣ በተመሳሳይ ውፍረት ላሜራ መተካት ነው። ሁለቱንም ጎን ባንዴ ከከፈቱት መሃሉ ይሰምጣል። ስቱኮና ቀለም ይህን ይሸፍናል፣ ተሳፋሪውን ግን አይሸከምም።

አሁን ወደ መንግሥት ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። ሐሳቡን አልቃወምም። ግን ውጤቱ እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው እንዲራዘም ሆኗል። ዕድሜው የሚራዘመው ደግሞ በኛ ብየዳ ነው። ለቦሎ በሚደረገው ምርመራ ፍሬን፣ መብራት፣ ጭስ ይታያል። ሻንሲው ግን በዋዜማው በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ይመጣል፤ ቀለም የተቀባ ዝገት ደግሞ አዲስ ብረት ይመስላል። የሕዝብ ማመላለሻ ቦዲ ሲወርድ መርማሪ ተጠርቶ ሻንሲውን ራቁቱን ቢያይ፣ ብየዳውንም አይቶ ቦዲው ከመመለሱ በፊት ቢፈርም ምን ይከብዳል? ባለንብረቱ ላይ የሚጨምረው አንድ ቀን ነው። ያ ወረቀት መኪናው ሲሸጥም ለገዢው ዋስትና ይሆናል። ዛሬ ገዢው የሚያየው ቀለሙንና የወንበሩን ልብስ ብቻ ነው።

ለጸሐፊው ባለንብረት ደግሞ፦ መኪናዋ ስትወጣ አሮጌው እንጨት ተመልሶ እንዳይገባ ይቆጣጠሩ፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ መልሰው ይከቱታል። ቡሎኖቹ አዲስ ይሁኑ። ሥራ ከጀመረች ከሳምንት በኋላ መልሰው ይውሰዷትና ሁሉም ዳዶ (የቡሎኑ ማሰሪያ) ዳግመኛ ይጥበቅ፤ በቦዲውና በሻንሲው መሃል የገባው አዲሱ ጎማ ክብደት ሲያርፍበት ስለሚቀመጥ ዳዶው መላላቱ አይቀርም። ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ጋራዥ ካለ አይክፈሉ፣ የሥራው አካል ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረታ የወጣ የቦዲ ሠራተኛ
ከቃሊቲ፣ አዲስ አበባ