ስለ ዶክተር ካሜኒ ፊልም፦ ጭርታው ጉድለት አይመስለኝም

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

የአሜሪካዊው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ተሟጋች የዶክተር ፍራንክ ካሜኒ መታሰቢያ ሆኖ ስለተሠራው አጭር ዘጋቢ ፊልም በባለፈው እትማችሁ የወጣውን አስተያየት በጥሞና አነበብሁት። ጸሐፊው ፊልሙ ተራኪም ቃለ ምልልስም እንደሌለው፣ ካሜራውም አንድ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ እንደሚቆም ጠቅሰው፣ ስለ መብት ተሟጋች የተሠራ ሥራ እንዲህ ጭር ማለቱን ነቅፈዋል። እኔ ግን ፊልሙን እዚሁ ዋሽንግተን ካየሁት በኋላ፣ ጭርታው ከራሳቸው ከሰውየው ሕይወት የተቀዳ ነው ባይ ነኝ።

ዶክተር ካሜኒ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ የዘመቱ፣ በሥነ ፈለክ ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ የተቀበሉ ምሁር ነበሩ። እ.አ.አ. በ1957 በአሜሪካ ጦር የካርታ አገልግሎት ተቀጥረው ጥቂት ወራት እንደሠሩ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ናቸው በሚል ተባረሩ፤ ወዲያውም በማናቸውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት እንዳይቀጠሩ ታገዱ። ጠበቃቸው ጉዳዩን ሲተወው አቤቱታውን ራሳቸው ጽፈው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አስገቡ፤ ፍርድ ቤቱም በ1961 ጉዳዩን አላይም አለ። ደጅ መጥናት ምን እንደሆነ የሚያውቅ የእኛ አገር ሰው ከዚያ ወዲያ የነበረውን የዓመታት የደብዳቤና የአቤቱታ ልፋት ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እርሳቸው ምሕረት ለመለመን ሳይሆን እንደ ማንኛውም ዜጋ መብታቸውን ለመጠየቅ መጻፋቸው ነው።

ሰልፋቸውም ቢሆን ጸጥ ያለ ነበር። ኤፕሪል 17 ቀን 1965 ከዋይት ሐውስ ፊት ለፊት የተሰለፉት አሥር ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ሙሉ ልብስና ከረቫት፣ ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው ነበር፤ የመንግሥት ሥራ የሚጠይቅ ሰው ለሥራ የተዘጋጀ መምሰል አለበት ብለው ያስለበሷቸው ካሜኒ ናቸው። ለዓመታት ጣሪያቸው ሥር ያኖሯቸው መፈክሮች በ2006 ወደ ብሔራዊ የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ገብተዋል። ካሜራው ካርቶን ላይ በጥንቃቄ በተጻፉት ፊደላት ላይ ሲቆም፣ አንድ እጅ መስመሩ እንዳይጣመም ምን ያህል እንደተጨነቀ ይታያል፤ እዚያ ላይ ሙዚቃ ቢገባ ኖሮ ያንን ጭንቀት ባላየሁት ነበር።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ፊልሙ ስምና ዓመተ ምሕረት እንኳ በጽሑፍ አለማስፈሩ ተገቢ አልመሰለኝም፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሲያልቅ «ሰውየው በመጨረሻ ምን ሆኑ?» ብላ ጠየቀችኝ። በ2009 ቀድሞ ያገዳቸውን ኮሚሽን የተካው መሥሪያ ቤት በይፋ ይቅርታ እንደጠየቃቸው፣ እርሳቸውም «ይቅርታውን ተቀብያለሁ» እንዳሉና ከሁለት ዓመት በኋላ በ86 ዓመታቸው እንዳረፉ ነገርኳት። ይህን ለመጻፍ ሁለት መስመር ይበቃ ነበር።

ፊልሙ እንደገና የሚታይበት ቀን ከታወቀ በዓምዳችሁ እንድታሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ፤ አስተያየት ሰጪውም አብረውኝ ቢያዩት ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ